አንድ ወረቀት፣ ፊትና ጀርባ

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ጭሮ ውስጥ የራሱ ድረ ገጽ ያለው ሰው እስከማውቀው ድረስ እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም፤ ሌላ የሚፈልግ ሰው ስላልነበረ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበር። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ስመጣ ሁለት ዓመት ብቻ ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሚስት አገባሁ፤ በአምስተኛው ቤት ሠራሁ፤ ከዚያ በኋላ መመለስን የሚያነሣብኝ ሰው እንኳ ጠፋ።

ከማስተማር በተረፈኝ ሰዓት እጽፍ ነበር። ልማዴ ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር ፈልጎ መቃወም ነው። አገር ዛፍ እንትከል ሲል እኔ አምና የተተከለውን ማን አጠጣው ብዬ ዐሥር ገጽ እጽፋለሁ። የሠርግ ካርድን፣ የለቅሶ ድንኳንን፣ የክብር እንግዳ የሚባለውን ፍጡር፣ የፕላስቲክ አበባን ሳይቀር አልማርኩም። አንድ ሁለት ጋዜጦች «አሳጥረህ አምጣ» ሲሉኝ ተቀየምኩና የራሴን ድረ ገጽ ከፈትኩ። እዚያ ላይ አሳጥር የሚለኝ የለም። በአምስት ዓመት ከሁለት መቶ በላይ ጽሑፍ ጫንኩ። አንባቢዎቼ ሩቅ አገር ያሉ የተማሩ ሰዎች ናቸው ብዬ አስብ ነበር። ማስረጃ አልነበረኝም፤ ግን ጭሮ ውስጥ ማንም አንብቤሃለሁ ብሎኝ ስለማያውቅ ሌላ ቦታ መሆን አለባቸው።

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፤ ድረ ገጽ የኪራይ ቤት ማለት ነው። ጽሑፉ ያንተ ቢሆንም የሚያድርበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የሚሉት፣ የሌላ ሰው ነው። የኔ አከራይ ውጭ አገር ያለ አንድ ትንሽ ድርጅት ነበር። በኢንተርኔት የሚከፈልበት ካርድ እኛ ዘንድ ስለሌለ ኪራዩን የሚከፍልልኝ ስቶክሆልም የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ስዩም ነው። ስለዚህ ውሉም በሱ ስም ነው፤ ደብዳቤውም የሚሄደው ለሱ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ድርጅቱ የላከውን ማስታወቂያ ሁሉ ሲያስተላልፍልኝ ሰለቸኝና «ከነዚህ ሰዎች የሚመጣውን አጥፋው፤ ሰው የጻፈውን ብቻ ላክልኝ» አልኩት። ስዩም ታዛዥ ሰው ነው።

አንድ ሐሙስ ማታ እቤት ደወለ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ድምፁን ለወጥ አደረገ።

«ድረ ገጽህ ደኅና ነው?»

«ምን ይሆናል?»

«አይ፣ አንድ ደብዳቤ መጥቶ ላጠፋው ስል ርዕሱ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይላል። አምስተኛው ነው መሰለኝ።»

«አራቱስ?»

«አጥፋ ብለኸኝ የለ?»

አነበበልኝ። ድርጅቱ አሮጌውን ሰርቨር ትቶ ወደ አዲስ እየተዛወረ ነው። በወቅቱ እሺ ያለውን ደንበኛ ድርጅቱ ራሱ አጓጉዞታል። ዝም ያለው ግን እስከ ቅዳሜ ዕቃውን በራሱ ማውጣት አለበት፤ ከዚያ በኋላ አሮጌው ማሽን ይጠረግና ይዘጋል። ሰዓቱን በኛ ስናሰላው ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆነ። ስዩም የይለፍ ቃሉን አጻፈኝ። እሱ ራሱ ለምን አያወጣልኝም ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬው ነበር፤ በማግስቱ ለሥራ መርከብ ላይ ይወጣል፤ እስኪመለስ ድረስ ኢንተርኔት አያገኝም።

ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ ዘነበች ልብስ ታጣጥፋለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«ግልባጩ የለህም?»

«የለኝም። እዚያው ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።»

«የአምስት ዓመቱ ሁሉ?»

«የአምስት ዓመቱ ሁሉ።»

«ወረቀት ሞቷል ብለህ ጽፈህ አልነበር?»

«ጽፌያለሁ።»

«እንግዲህ ያንንም ነፍስ ይማር» አለችና ማጣጠፏን ቀጠለች።

ዓርብ ከክፍል እንደወጣሁ ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ሮጥኩ። ከተማው ውስጥ መስመር የለም። ጎመን የጫነ መኪና የስልክ ምሰሶ ገጭቶ ጥሏል። መቼ ይሠራል ብል ባለቤቱ «ሰኞ ብለውናል፤ የትኛው ሰኞ እንደሆነ አልነገሩንም» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ሚኤሶ ወረድኩ። እዚያ አንድ ኢንተርኔት ቤት አለ። ባለቤቱ ሙክታር የድሮ ተማሪዬ ነው። ገና እንዳየኝ «ቲቸር፣ የፈተና ወረቀቴ ላይ ብዙ ትጽፋለህ፣ ጥቂት ትናገራለህ ብለው ጽፈውብኝ ነበር» አለኝ። እኔ አላስታውስም፤ እሱ ግን ረስቶት አያውቅም።

ቤቱ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ስልክ አለው፤ ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ መስመር ነው። ኢንተርኔት ከተገባ ስልክ የለም፤ ስልክ ከተነሣ ኢንተርኔቱ ይቆረጣል። ጠዋቱን ሙሉ የጭነት መኪና ሾፌሮች ሲደውሉ ጠብቄ ተራዬ ሲደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። የይለፍ ቃሉን አስገባሁ። ድረ ገጼ በሕይወት አለ። ሙሉውን በአንድ ጥቅል አድርጎ የሚያወርደውን ቁልፍ ተጫንኩና ቁጭ ብዬ ቁጥሩን ማየት ጀመርኩ። ሦስት በመቶ። አምስት በመቶ። ቆርቆሮው ጣሪያ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፤ እኔ ግን ዓይኔን ብነቅል ቁጥሩ የሚቆም ይመስለኛል።

ሙክታር ሻይ አምጥቶ አጠገቤ ቆመ። «ቢቆረጥ ከቆመበት ይቀጥላል?»

«አይቀጥልም። ከዜሮ ነው የሚጀምረው።»

«እንግዲህ አይቆረጥማ» አለ፤ እንደ ባለ መስመር ሳይሆን እንደ ጸሎተኛ።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሰዓት ሲቀረው ሰማንያ አንድ በመቶ ደርሰን ነበር። በዚያ ሰዓት አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ። ሽርጣቸው አቧራ ለብሷል፤ ከሩቅ በእግር እንደመጡ ያስታውቃል። ከሙክታር ጋር በኦሮምኛ ተነጋገሩ። ሙክታር ወደ እኔ ሲዞር ፊቱ ልክ ፈተና የወደቀ ተማሪ ፊት ይመስላል።

«ቲቸር፣ የሀጂ ልጅ ድሬዳዋ ሆስፒታል ምጥ ላይ ናት። ሁለተኛ ቀኗ ነው። ወንድሟ እስከ ስምንት ሰዓት ከስልኩ አጠገብ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ አያገኙትም።»

ሽማግሌው አንዲት የተጨማደደች ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት ይዘው ቆመዋል። ይቅርታ እንደመጠየቅ አድርገው «ሥራህ መቼ ያልቃል፣ ልጄ?» አሉኝ በአማርኛ።

«ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው» አልኩ።

«እሺ» አሉና የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። አልለመኑኝም። ቢለምኑኝ ኖሮ ሳልከራከር አልቀርም ነበር፤ በክርክር ሰው አይችለኝም። እሳቸው ግን ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ስልኩን ያያሉ። እኔ ሰማንያ ሁለት በመቶ ላይ ነኝ።

ትልቅ ነገር ወሰንኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። እውነቱን ለመናገር ግን አፌ ነው የቀደመኝ። «ይደውሉ፣ አባቴ» አልኩ። ሙክታር ስልኩን አነሣ፤ ቁጥሩ ሰማንያ ሦስት ላይ እንዳለ መስኮቱ ጠፋ።

እንግዲህ ቶሎ ጠይቀው ቶሎ ይዘጋሉ፣ ምናልባት በተአምር እደርሳለሁ ብዬ ነበር። ሽማግሌው ልጃቸው እስክትወልድ ሁለት ቀን ያላንቀላፉ ሰው ናቸው። ስልኩ ሲነሣ ግን «ነጋ? ኢጆሌን ነጋ? ሎን ነጋ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመሩ። ልጆቹ ደኅና? ከብቱ ደኅና? ጎረቤቶቹ ደኅና? ድሬ ዘንቧል? ማሽላው እንዴት ነው? የእገሌ እግር ተሻለው? ወዲያ ማዶ ያለው ልጅም በተራው ያንኑ ይጠይቃቸዋል፤ እሳቸውም የሚኤሶን ደረቅ ሰማይ እየተረኩ ይመልሱለታል። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ በልቤ ጮኽኩ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የልጃቸውን ስም ጠሩ። ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ ጥርሳቸው ሁሉ ታየ።

«ሴት ናት» አሉን ስልኩን ሳይዘጉ። «እናትየዋም ሾርባ ጠጥታለች።»

ሲወጡ ሁለቱንም እጆቼን ያዙና «አላህ የጠፋብህን ይመልስልህ» ብለው መረቁኝ። ምን እንደጠፋብኝ አልጠየቁኝም።

«ለምን መጀመሪያ ስለ ልጃቸው አልጠየቁም?» አልኩት ሙክታርን፣ መስመሩን መልሶ ሲያስገባ።

«የቸኮሉበትን ማስቀደም ነውር ነው፣ ቲቸር። ደግሞም ክፉ ወሬ ካለ ያኛው ሰው እስኪዘጋጅ ጊዜ ያገኛል።»

ተመልሰን ስንገባ ስምንት ሰዓት ከዐሥር ሆኗል። ነጭ ገጽ መጣ፤ መሐሉ ላይ አንዲት መስመር እንግሊዝኛ። እንዲህ ያለ ደንበኛ የለም ትላለች።

ሙክታር ሊያጽናናኝ ሞክሮ ሲያቅተው መኪና ፈለገልኝ። ባዶውን ወደ ጭሮ የሚወጣ ጭነት መኪና አስቆሞ ጋቢና አስገባኝ። ሾፌሩ ጀማል ይባላል፤ ወሬ የተጠማ ሰው ነበር፤ እኔ ደግሞ እንደ ድንጋይ ዝም ብያለሁ። ዳገቱን ስንጀምር ተስፋ ቆርጦ ከፀሐይ መከላከያው ላይ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወረደና ጭኔ ላይ ጣለው።

«እንካ ኦቦ፣ ካልተጫወትክ አንብብልኝ። ረዳቴ ጫፉን አንብቦልኝ እንቅልፍ ወሰደው።»

ወረቀቱ በፎቶ ኮፒ የተባዛ ነው፣ ፊትና ጀርባ። የደራሲ ስም የለውም። ማንበብ ጀመርኩ። ስለ ወረቀት ነበር፤ ወረቀት ዘመኑ አልፏል የሚል። የመጀመሪያው መስመር ጥሩ ነው አልኩ በልቤ፤ ሁለተኛውም መጥፎ አይደለም። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ አፌ ከዓይኔ ቀድሞ ያነበው ጀመር። ቆምኩ።

«ምነው?» አለ ጀማል።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«ባለ አንድ ወረቀቱ ነዋ። አታውቀውም? ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው ይላሉ። ሞቷል የሚሉም አሉ።»

«ጥሩ ይጽፋል?»

«ወላሂ ይህ ሰውዬ አንድ ነገር ይችላል፤ አያራዝምም። የተማረ ሰው ሲጽፍ አይተህ የለ? መንገዱን ሳይጀምር ጎማ ሲያስነፋ ይመሻል። ይሄኛው ይነሣል፣ ይደርሳል፣ ያራግፋል።»

ያ ጽሑፍ ስጽፈው ዐሥራ አራት ገጽ ነበር።

«ከየት ነው ያገኘኸው?»

«በደሳ። አያንቱ ፎቶ ኮፒ ቤት።»

በማግስቱ እሑድ ስለነበረ በደሳ ስደርስ ሱቁ ዝግ ነው። ጎረቤት ያሉት «ቸርች ናት፤ መዘምራን ውስጥ ስላለች ቶሎ አትወጣም» አሉኝ። በረንዳው ላይ ተቀምጬ ከጠዋቱ አራት እስከ ሰባት ጠበቅኩ። ዚፕ ባለው ሽፋን መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ የመጣችው ሴት ዐርባ ዓመት ገደማ ይሆናታል። በሩ ላይ ቦርሳ የያዘ ሰው ስታይ ፍጥነቷን ቀነሰች።

«ከግብር ነው የመጡት፣ ጋሼ?»

«አይደለም። ስለ አንድ ወረቀቶቹ ነው።»

«እኔ አባዛለሁ እንጂ አልጽፍም።»

«አውቃለሁ። የምጽፋቸው እኔ ነኝ።»

ትክ ብላ አየችኝና ሳቀች። «አዎ፣ እርስዎ ነዎት። ጭሮ ኢንተርኔት ቤት ከጎንዎ ተቀምጬ አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ። ቀና ብለው አያዩም።»

በየሐሙሱ ወረቀትና ቀለም ልትገዛ ጭሮ ትመጣለች። ያን ጊዜ ከድረ ገጼ ላይ ደስ ያላትን በፍላሽ ትገለብጣለች፤ ሱቋ ወስዳ በአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ እንዲገባ አድርጋ ታሳጥርና ታባዛዋለች። በአንድ ትንፋሽ ስለ ሰርቨሩ፣ ስለ ሚኤሶ፣ ስለ ሰማንያ ሦስት በመቶው ነገርኳት። ኮምፒውተሩን ከፈተች። ስልሳ ሦስት ፋይል ተደርድሯል። ወንበሩን ያዝኩ።

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ አይሸጡም፣ ጋሼ።»

«የነዚህስ ሙሉው የት አለ?»

«ሙሉው ምን ያደርግልኛል? ካሳጠርኩ በኋላ አጠፋዋለሁ።»

ተናደድኩ። እንደተናደድኩ አንዱን ከፍቼ ማንበብ ያዝኩ፤ ስለ ለቅሶ ድንኳን የጻፍኩት ነው።

«እዚህ ቦታ ላይ ስለ ጥንት ግሪኮች ቀብር የሚያወራ ነበር። ለምን አወጣሽው?»

«እዚያ ላይ ሲደርሱ ጫት ማቀባበል ይጀምራሉ።»

«እነማን?»

በጣቷ ግድግዳውን አንኳኳች። ከሱቋ ጋር የተያያዘው ክፍል ሰዎች ከምሳ በኋላ እየተሰበሰቡ የሚቅሙበት ነው። አንዱ ያነባል፣ ሌሎቹ ያዳምጣሉ። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ሁሉ ነገር ይሰማታል። መጀመሪያ ረጅሙን ትሰጣቸዋለች፤ ሲያነቡ ከዚህ ሆና ታዳምጣለች፤ ወሬ የጀመሩበት፣ ውኃ የጠየቁበት፣ ያሳሉበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት ታደርጋለች። ማታ ምልክት የተደረገበትን ቆርጣ ታወጣለች።

«እኔ አልቅምም፣ ጌታ ይመስገን» አለች። «ጆሯቸው ግን ጥሩ ነው።»

«ስሜንስ ለምን አትጽፊውም?»

«ስም አንድ መስመር ይፈጃል።»

«ስለ መዘምራን ድምፅ ማጉያ የጻፍኩት እዚህ የለም።»

«እሱን አልገለበጥኩትም።»

«በጣም ጥሩ ጽሑፍ ነበር።»

«ይሆናል። አልገለበጥኩትም።»

ከዚያ አንድ ፋይል ከፈተችልኝ። «ይህን ግን አንድ መስመር አልነካሁበትም። መጀመሪያ ቀን ክፍል ገብተው፣ ተማሪዎቹ አማርኛዎ ስለፈጠነባቸው አንድ ሰዓት ሙሉ በትሕትና ሲነቀንቁልዎ የዋሉበት። ሲያነቡት ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ አንዱ እንደገና አንብበው አለ።»

ያን ጽሑፍ አስታወስኩት። የኢንተርኔት ሰዓቴ ሊያልቅ ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው በችኮላ የጻፍኩት፣ ላጠፋው አስቤ የተውኩት ነው።

ስልሳ ሦስቱንም በፍላሽ ይዤ ማታ ቤቴ ገባሁ። አያንቱ አንዱን በወረቀት አባዝታ ሰጥታኝ ስለነበር ዘነበች አነበበችው፤ ሁለት ቦታ ላይ ሳቀች። «ይህን መቼ ጻፍከው?» አለችኝ።

«የዛሬ ሦስት ዓመት። አንብቤዋለሁ ብለሽኝ ነበር።»

«ጀምሬው ነበር።»

ያን ሳምንት ምርጫዬ ሁለት ነበር፤ ወይ ሌላ ሰው የቆራረጠውን ጽሑፍ የኔ ነው ብዬ አዲስ ሰርቨር ላይ መጫን፣ ወይ ምንም አለመጫን። ኩራቴ ሁለተኛውን ይለኛል። ጭሮ መስመሩ እስኪመለስ ድረስ ስልሳ ሦስቱን ደጋግሜ አነበብኩ፤ የተቆረጠው የት እንዳለ ልፈልግ ብዬ። ከግማሹ በላይ ቦታው ጠፋብኝ። ስዩም ከመርከብ ሲወርድ አዲስ ቤት ተከራየልኝ፤ ስልሳ ሦስቱን እንዳሉ ጫንኩ። አዲሱ ድርጅት የሚልከውን ደብዳቤ ሁሉ ስዩም እስከ ማስታወቂያው ያስተላልፍልኛል፤ እኔም እስከ ማስታወቂያው አነበዋለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ግልባጭ ያዝ የሚለውን ትምህርት እንድትወስድ የምፈልግ መስሎህ ከሆነ፣ ያንን ማንም ይነግርሃል። እኔ የምልህ ሌላ ነው። የምትጽፍ ከሆነ ጽሑፍህን አንድ ጊዜ አጥፋው፤ ከዚያ ማን ጋ እንደተረፈ ፈልግ። የተረፈው ካሰብከው ያንሳል፤ የተረፈበት ቦታም ካሰብከው በጣም ይቀርባል። ለአምስት ዓመት ሩቅ አገር ላለ የተማረ ሰው ስጽፍ አንባቢዬ ክንዴን ሊነካ በደረሰ ወንበር ላይ ተቀምጣ ፍላሿን ትሰካ ነበር። አሁን ኢንተርኔት ቤት ስገባ መጀመሪያ ግራና ቀኝ ሰላም እላለሁ። ወደ ጉዳዬ ለመግባትም እንደ ድሮዬ አልቸኩልም፤ ለዚህ ያበቁኝ የሚኤሶው ሽማግሌ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ የጻፍኩትን ሁሉ መጀመሪያ ለአያንቱ እልካለሁ፤ ግድግዳው ከሰማው በኋላ ነው የሚወጣው። ይህኛውንም ልኬ ነበር። ስለ ሚኤሶ ሙቀት ሁለት ገጽ የሚሆን ነገር ነበረበት፤ ቆንጆ እንደነበረ እመኑኝ፤ ከሱ የተረፈው የቆርቆሮው ጣሪያ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ አንድ ወረቀት አልበቃውም። ደውዬ ሁለት ወረቀት እንድትፈቅድልኝ ጠየቅኋት። ለማንም ፈቅዳ አታውቅም። አሰበችና እሺ አለችኝ፤ ራሷ ስላለችበት ይሆናል።